እህል የሌለበት ወፍጮ

ቁጭ በሉና ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው ባሕር ዳር ነው፤ ጣና ላይ። የአንዲት ሞተር ጀልባ ታሪክ ነው፤ ከጀልባዋም ይልቅ የአንድ ድምፅ ታሪክ ነው።

እኔ ያን ጊዜ 17 ዓመት የሞላኝ የጀልባ ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ ገመድ መፍታትና ማሰር፣ ላይፍ ጃኬት ማደል፣ እናቶችን ክንዳቸውን ይዞ ማሳፈር፣ ከጀልባዋ ሆድ የተጠራቀመውን ውሃ በቆርቆሮ እየቀዱ መድፋት ነበር። ጀልባዋ የአጎቴ ናት። ጋሼ ነው የምለው፤ ዛሬም ጋሼ ነው። የሚያሳፍረው ለሽርሽርና ለመሳለም የሚመጣውን ሰው ነው፤ ወደ ዘጌ፣ ወደ እንጦስ፣ ወደ ክብራን፣ ደግሞም ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ ጉማሬ ወደሚታይበት። ከዚያች ጀልባ ሌላ ጥሪት አልነበረውም። ሞተሩን የገዛው በዕቁብና በብድር ነው፤ ዕቁቡ አልቆ ብድሩ ገና ነበር።

ሞተሩ ከጀልባ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት። ልብ ብላችሁ አይታችሁት ከሆነ ራስ፣ አንገትና እግር አለው። ራሱ ክዳን ደፍቶ ከላይ ይቀመጣል፤ ቤንዚኑ የሚነደው፣ ካንዴላው የሚፈነጥቀው፣ ፒስተኑ የሚመላለሰው እዚያ ነው። በአንገቱ ውስጥ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል። እግሩ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነው፤ በሆዱ ማርሾች በዘይት ተነክረው ይኖራሉ፤ ከማርሾቹ ኋላ ፕሮፔለሩ አለ። ራስ፣ አንገት፣ እግር። እነዚህን ያዙልኝ።

ጣና በማለዳ እንደታሰሰ ምጣድ ለስልሶ ይተኛል። ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣል፤ ማዕበሉም ይከተላል። ስለዚህ የዘጌ መንገደኛ በጠዋት ይነሣል፤ ጀልባ ነጂውም ነፋሱ ሳይበረታ ለመመለስ ይቸኩላል። ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ቤተሰብ ይዘን ነበር፤ ሰባት ሰዎች፣ ከሕፃን እስከ አያት። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው፣ ሥዕሉን አይተው፣ በቡናው ጫካ ጥላ ወርደው ወደ ጀልባዋ ተመለሱ። የሥዕሉን ነገር ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ። የዛሬው ጨዋታ የሚጀምረው ስንመለስ ነው።

አያትየዋ ከመካከል ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን የጀልባዋ ወለል ላይ አሳርፈዋል። ነጠላቸውን ተከናንበው ውሃውን ሲያዩ ቆዩና በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህ ነገራችሁ ምን ያጉረመርማል?»

«ሞተሩ ነው እማማ።»

«ሞተሩንማ ስንሄድም ሰምቼዋለሁ። እሱ የሚጮኸው ከላይ ነው። እኔ የምልህ ከታች ነው፤ ከእግሬ ሥር። እህል የሌለበት ወፍጮ ነው የሚመስለው።»

እህል የሌለበት ወፍጮ! በድንጋይ ወፍጮ የፈጨች እናት ያለችው ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። በመጁና በወፍጮው መካከል እህል ካለ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ያንጎራጉራል እንጂ አይጮኽም። እህሉ ካለቀ ግን ድንጋይ ድንጋይን ይነክሳል። ያን ጊዜ ፈጪዋ ሳታይ እጇን ወደ ቁናው ትሰዳለች። ጆሮዋ ነግሯታል።

እኔ ግን ልጅ ነበርኩ። «ይሆናል እማማ» ብዬ አለፍኩ። ወደ ቦታዬ ተመልሼ ስቆም ግን ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ጫማዬን አውልቄ እንደሳቸው ወለሉን ረገጥኩ። እውነትም አለ። ከሞተሩ ጩኸት በታች ሌላ ነገር አለ፤ ሻካራ፣ የማያቋርጥ፣ በእግር መዳፍ የሚሰማ። ለጋሼ ነገርኩት። ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አዳመጠ። ድምፁ ጠፋ። «ማዕበሉ ነው» አለኝና ጉዞውን ቀጠለ።

ጋሼ አልዋሸም፤ አልሰማም እንጂ። በየቀኑ የሚሰሙት ድምፅ በጥቂት በጥቂቱ ሲለወጥ ባለቤቱ የመጨረሻው ሰሚ ነው። ልጅ ሲያድግ እናቱ እንደማታስተውለው፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ግን «እንዴት አድጓል!» እንደሚለው። እማማ ለዚያ ሞተር ከሩቅ የመጡ ዘመድ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። አሁን ተሳፋሪ ይዞ መውጣት አስፈሪ ሆነ። ጀልባዋ ወደቡ ላይ ታሰረች፤ የወደቡም ሸንጎ ተሰበሰበ።

አንዱ መጣና «የሞተር ዘይት አሳንሳችሁበት ነው» አለ። ይህ ሞተር እንደ ብዙዎቹ የቀድሞ ሞተሮች ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ ነው፤ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት። ጋሼ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ ዘይቱን የሚለካበት ዕቃ እንኳ ለሌላ ሥራ አይነካም። እንዲያም ሆኖ ጥርጣሬ ገባውና የቀረውን ቤንዚን አውጥቶ አዲስ ቀላቀለ። ድምፁ እንዳለ ነበር።

ሌላው «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል፤ ካርቡሬተሩ ቆሽሿል» አለ። ካርቡሬተሩ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። «ካንዴላው ነው» የሚልም ነበር፤ ካንዴላዎቹ ተለወጡ። ገንዘቡ ወጣ፤ ድምፁ አልወጣም።

«እምቦጭ ነው» ያለም ነበር። በጣና እምቦጭ መኖሩ በአውሮፓውያኑ 2011 ከታወቀ ወዲህ ሐይቁ ላይ ለሚሆነው ክፉ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። አረሙ ጥፋቱ ብዙ ነው፤ ሐይቁን ያነቀ ጠላት ነው፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም። ግን በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ የእኛ መንገድ ደግሞ በደቡብ ነው። ደግሞም አረም ሞተርን የሚጎዳበት መንገድ የታወቀ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው፤ በእግሩ ጎን ባለች ወንፊት በኩል ይጠጣል፤ ወደ ራሱ የሚያወጣለት የጎማ ክንፍ ያላት ትንሽ ፖምፓ ናት። የጠጣውን ከፊሉን ደግሞ ከኋላው በቀጭን ቱቦ መልሶ ይተፋል። ያቺ የውሃ ክር ከቀጠነች ወይም ከተቋረጠች ወንፊቱ ተዘግቷል፣ ወይም ፖምፓዋ አርጅታለች ማለት ነው። የእኛዋ ክር ወፍራምና ብርቱ ነበረች። ማንም አላያትም። ወንፊቱን ግን ቀኑን ሙሉ በሽቦ ስንጠርግ ዋልን።

አንድ የተማረ ወጣት ደግሞ «ከፍታው ነው» አለን። እሱ የተናገረው በራሱ እውነት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን የሚያነደው በአየር ነው። በመካኒኮች ልምድ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ 40 ፈረስ ማለት 33 ፈረስ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ለባሕር ወለል ተብሎ የተሠራ ፕሮፔለር እዚህ ሲከብደው፣ ብልህ ባለጀልባ ክንፉ ቀለል ያለ ፕሮፔለር የሚገጥመው። ነገር ግን ከፍታ ሞተርን ያደክማል እንጂ አያስጮኸውም። ጣናም ከፍታውን ባለፈው ማክሰኞ አልጀመረም።

እንዲህ ሆነን አራት ቀን ጨረስን። ልብ በሉ፤ ምክር የሰጠን ሁሉ ክፉ አልነበረም። ሁሉም የነገረን በራሱ ሞተር ላይ የደረሰውን ነው። ግን እስከዚያች ሰዓት አንድም ሰው «ድምፁ መቼ ይመጣል? መቼ ይጠፋል?» ብሎ አልጠየቀንም። ሁሉም የያዘው መፍቻ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ድምፅ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ይጠየቃል እንጂ አይደበደብም።

በአምስተኛው ቀን ማታ ጋሼ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዞ መጣ። ጸጉራቸው የነጣ፣ እጃቸው ዘይት የጠገበ ሰው ናቸው። መሣሪያ አልያዙም፤ በኪሳቸው ጨርቅ ብቻ ነበር። ጋሼ ያደረገውን ሁሉ ሲዘረዝር ዝም ብለው ሰሙና አንድ ነገር ጠየቁ።

«መጀመሪያ የሰማው ማን ነው?»

ጋሼ ወደ እኔ ጠቆመ። «እኔ አይደለሁም» አልኩ። «አንዲት እናት ናቸው፤ ተሳፋሪ።»

«ምን አሉ?»

«ከታች ነው፣ ከእግሬ ሥር ነው አሉ። እህል የሌለበት ወፍጮ ይመስላል አሉ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲህ ብለው ነው? እህል የሌለበት?» ካሉ በኋላ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ካንዴላ ከመግዛትህ በፊት ይህን ልጅ ብትጠይቀው ይሻልህ ነበር።»

ከዚያ ጀልባዋን ከወደቡ በአራት ገመድ አሳሰሩ፤ አፍንጫዋ ወደ ምሰሶው፣ ሞተሯ ወደ ውሃው። ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ በፎሌ፣ በሚኒሞ። ዝም። ቀጥለው በፎሌ እንዳለ ትንሽ ቤንዚን ሰጡት። ጩኸቱ ጨመረ፤ ጉርምርምታው ግን የለም። «ራሱ እስካሁን ንጹሕ ነው» አሉ፤ «ግን ጭነት የለበትምና ገና አልፈረድኩም።» ማርሽ አስገቡ። ጀልባዋ ገመዱን ወጥራ ምሰሶውን መግፋት ጀመረች፤ ድምፁም መጣ። ወደ ፎሌ መለሱት፤ ጠፋ። አስገቡ፤ መጣ። አወጡ፤ ጠፋ። እንዲህ ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋገሙት። እኔ በልቤ እቆጥር ነበር።

ቀጥለው ከአጠገባችን በደንገል ታንኳው የቆመውን ዓሣ አጥማጅ «መቅዘፊያህን አውሰኝ» አሉት። የመቅዘፊያውን አንድ ጫፍ ከፕሮፔለሩ ራቅ አድርገው ወደ ውሃው አስገቡ፤ ሌላውን ጫፍ ከጆሮአቸው ሥር፣ ከአጥንቱ ላይ አሳረፉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደ ሞተሩ እግር ጠጋ አደረጉት፤ ራቅ አደረጉት፤ እንደገና ጠጋ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

«ስማ።»

ሰማሁ። የላዩ ጩኸት ሁሉ ርቆ፣ አሸዋ በጥርስ መካከል ሲደቅ የሚሰማው ያ ድምፅ ከእንጨቱ ወደ አጥንቴ ገባ። ከእግሩ ነው። ጥርጥር የለውም።

ውሃ ድምፅን ከአየር ይልቅ እንደሚያፈጥን ያን ቀን አላውቅም ነበር። በኋላ አነበብኩት። በአውሮፓውያኑ 1826 ዣን ዳንኤል ኮላዶን የተባለ ስዊዛዊ የጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሆኖ ለካው። ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ በተራራቁ ሁለት ጀልባዎች፣ ከአንዱ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ይመታል፤ በዚያችው ቅጽበት ባሩድ ይብለጨለጫል። በሌላው ጀልባ ኮላዶን ረጅም ቱቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከብልጭታው እስከ ደወሉ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 1,435 ሜትር ነው፤ በአየር ግን ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ኮላዶን በቱቦ ያደረገውን የእኛ ሽማግሌ በታንኳ መቅዘፊያ አደረጉት። እኔ እነዚህን ሁለት ሰዎች በልቤ አንድ ወንበር ላይ ነው የማስቀምጣቸው።

ጋሼ «እንግዲህ እግሩን እንፍታው» ብሎ መፍቻ አነሣ።

«ዛሬ አንነካውም» አሉት። «ሞተሩን ከውሃ አውጡና ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። እንዳይጋደም። ይደር።»

«ለምን?»

«ዘይቱና ውሃው ይለያዩልኝ።»

ያን ሌሊት ጋሼ እንቅልፍ አልወሰደውም። በእንጨት ቆጥ ላይ የቆመውን ሞተር እየዞረ ሲያየው አድሯል። እኔም ከእሱ ጋር አድሬያለሁ። ባንክ የሚያበድረው ለሰው ነው፤ የሚከፍለው ግን ያ ብረት ነበር።

ሲነጋ ሽማግሌው መጡ። በሞተሩ እግር ጎን ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ሁለቱም ለማርሹ ዘይት ናቸው። ከሥሩ ነጭ ሳህን አስቀመጡና የታችኛውን ብሎን በካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ አላሉት፤ ሳይፈቱት። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና እግሩ ውስጥ ውሃ ካለ ሌሊቱን ከሥር ይዘቅጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ምን እንደሆነ ማየት ነው የፈለጉት።

አንዲት ጠብታ ወረደች። ጥርት ያለች። ውሃ ናት። ሌላ ተከተለች፤ ሌላም። ከዚያ ዘይቱ መጣ፤ ዘይት ግን አይመስልም። ንጹሕ የማርሽ ዘይት ወርቃማ ወይም ጠቆር ያለና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ይህ ግን ወተት የበዛበት ማኪያቶ ነው። ጋሼ አየውና በተቀመጠበት ራሱን ያዘ።

«ቆይ» አሉት ሽማግሌው። ብሎኑን ፈትተው ጫፉን አዩት። በጫፉ ማግኔት አለ፤ ከማርሹ የሚረግፈውን ብረት ይሰበስባል። በአውራ ጣታቸው አሹት። «ዱቄት ነው» አሉ፤ ፊታቸውም ፈካ። «ዱቄት ዕድሜ ነው። ክክ ቢሆን የማርሽ ጥርስ ነበር፤ ያን ጊዜ ሌላ እግር ግዛ እልህ ነበር።»

ከዚያ ፕሮፔለሩን በእጃቸው ቀስ ብለው አሽከረከሩት፤ እኔንም አስነኩኝ። በፎሌ ነውና በቀላሉ ይዞራል፤ ግን ውስጡ ይንቋቋል፤ ኩሽኔታው ሻክሯል። ክንፎቹ እንዳልጎበጡ ለማየት አንድ እንጨት ከክንፉ ጫፍ አስጠግተው አዞሩት፤ ሦስቱም ክንፎች በዚያችው ነጥብ አለፉ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው። እንግዲያው ውሃው በየት ገባ?

ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘውን ሽቦ ሳቡ፤ ዳዶውን ፈቱ፤ ሮንዴላውን አወጡ፤ ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ ሳቡት። ከኋላው፣ በዘንጉ ዙሪያ፣ የጣት ውፍረት ያለው ነጭ ቀለበት ነበረ። እኔ የሞተሩ አካል መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው በቢላ ጫፍ ነካኩት፤ ክር ሆኖ ተፈታ። የዓሣ መረብ ነው፤ ያ በውሃ ውስጥ የማይታየው፣ ነጠላ የፕላስቲክ ክር መረብ። ስንት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ በግጭት ሙቀት ቀልጦ፣ እንደ ቀንድ ጠንክሮ ነበር።

አሁን የነገሩ ሁሉ ምስጢር ተፈታ። የፕሮፔለሩ ዘንግ ከእግሩ በሚወጣበት ቦታ ሁለት የጎማ ቀለበቶች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ዘይቱ እንዳይወጣ፣ ሌላው ውሃው እንዳይገባ። ክሩ ፕሮፔለሩ በዞረ ቁጥር እየጠበቀ፣ እየተገፋ፣ የጎማዎቹን ከንፈር በላ። ውሃው ገባ። ዘይቱ በውሃ ሲቀጥን ብረትና ብረት የሚለያይበት ነገር አጣ። ጀልባዋ በቆመችበት ሌሊት የኩሽኔታው ኳሶች ዝገት ያዛቸው፤ ቀን ሲዞሩ በዝገቱ ጉድጓድ ላይ እየዘለሉ አጉረመረሙ። እማማ ያሉት ምንድን ነው? እህል የለበትም አይደል? እህሉ ዘይቱ ነበር።

በፎሌ ለምን ይጠፋ እንደነበርም ሽማግሌው በጣታቸው አሳዩኝ። ከራሱ የሚወርደው ዘንግ ከታች ትንሽ ማርሽ አለው፤ ትንሹ ማርሽ ሁለት ትልልቅ ማርሾችን ያዞራል፤ አንዱን ለፊት፣ አንዱን ለኋላ። ሞተሩ እስከተነሣ ድረስ ሦስቱም ይዞራሉ። የፕሮፔለሩ ዘንግ ግን ማርሽ እስኪገባ ድረስ ከመካከላቸው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በፎሌ ዝም የሚል፣ በማርሽ የሚጮኽ ድምፅ፣ ቤቱ ከማርሹ ወዲያ ነው። በፎሌም በማርሽም ከሞተሩ ጋር እኩል የሚያንኳኳ ቢሆን ኖሮ ወደ ላይ፣ ወደ ቢየላው ወደ ፒስተኑ ይወስደን ነበር። ሞተሩ ሲጮኽ ጀልባዋ ባትሄድ ደግሞ የፕሮፔለሩ የውስጥ ጎማ ተላቋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሕመም የራሱ አነጋገር አለው።

ጥገናው ብዙ አያስወራም። ኩሽኔታውና ጎማዎቹ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ 11 ቀን ጠበቅን፤ ገጠማው ግማሽ ቀን ወሰደ። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሽማግሌው ከገጠሙት በኋላ ዘይት አልሞሉበትም። በላይኛው የብሎን ቀዳዳ በእጅ ፖምፓ ጥቂት አየር ሰጡትና እግሩን በርሜል ውሃ ውስጥ ነከሩት። ጎሚስታ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልግ ማለት ነው። ብዙ ደቂቃ ቆየን። አንድም አረፋ አልወጣም። ዘይቱንም ከላይ አላፈሰሱትም፤ በታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ገፉት፤ አየሩ በላይኛው ቀዳዳ ሸሽቶ ዘይቱ ራሱ እስኪፈስ ድረስ። ከላይ ቢያፈሱት አየር ከውስጥ ታፍኖ ይቀርና እግሩ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል። ከዚያ መጀመሪያ የላዩን፣ ቀጥሎ የታቹን ብሎን አጠበቁ።

ማለዳ ወጣን፤ ጋሼ፣ ሽማግሌውና እኔ። ጫማዬን አውልቄ ወለሉን ረገጥኩ። ከእግሬ ሥር ውሃው ብቻ ነበር።

ያ ኩሽኔታ በዚያው ሁኔታ ጥቂት ሳምንት ቢሠራ መሰበሩ አይቀርም ነበር። ሲሰበር ማርሹን ይዞ ይሰበራል። ያ ቢሆን ሰባት ሰው ከሕፃን ጋር በጣና መካከል፣ በከሰዓት ነፋስ፣ መቅዘፊያ በሌላት ጀልባ። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ቢሞላ ነው ይባላል። ለሰው ግን 2 ሜትር ይበቃል።

ስለ መረቡም የምለው አለኝ። ያን ክር የጣለውን ሰው አላውቀውም፤ ክፉ ሰው ነው አልልም። ቆሮሶና አምባዛ አጥምዶ ልጆቹን የሚያበላ ሰው ነው። መረቡ ሲቀደድ ቆርጦ ወረወረው። የጥጥ ክር ቢሆን ይበሰብስ ነበር፤ ይህ ክር ግን አይበሰብስም። ባለቤቱ ከረሳው በኋላም ውሃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ይገድላል፤ ማንም የማይበላውን ዓሣ። ዓሣ ሲያጣ የጀልባ ዘንግ ይይዛል። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ደግሞ በዓሣ አጥማጁ በራሱ ላይ ነው፤ ሐይቁ የእሱ ማሳ ነውና።

እማማን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ጋሼ ስልካቸውን አልተቀበለም ነበር። ለሚቀጥሉት ዓመታት ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ በተሳፈረ ቁጥር ነጠላ የተከናነቡትን እናቶች ፊት እመለከት ነበር።

በጣና፣ በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ ሞተር ጀልባ የምትነዱ ወንድሞቼ፤ ተሳፋሪያችሁ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ሲላችሁ አትለፉት፤ ከየት እንደሚሰማው፣ ምን እንደሚመስለው ጠይቁት። ዛሬ ማታ ጀልባችሁን ስታስሩ ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ከኋላው ያለውን ዘንግ እዩ። ዓሣ አጥማጆችም፤ የተቀደደውን መረብ ወደ ቤት ይዛችሁ ግቡ፤ ውሃው ላይ አትጣሉት።